የመከር ጨረቃና የመካ ጨረቃ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2025 ማምሻውን ፀሐይ በጅዳ ወደ ቀይ ባሕር ስትጠልቅ፣ በስተምሥራቅ ከመካ ተራሮች አቅጣጫ ልትሞላ ጥቂት ሰዓታት ብቻ የቀሯት ጨረቃ የምትወጣበት ምሽት ነበር። ያችኑ ጨረቃ የቤጂንግ፣ የሴኡል፣ የቶኪዮና የሃኖይ ሕዝብ ከሰዓታት ቀደም ብሎ በበዓል ጠብቋታል። ዕለቱ በምሥራቅ እስያ የዓመቱ ታላቅ የመከርና የጨረቃ በዓል ነበርና። በሒጅራ አቆጣጠር ረቢዐ ሣኒ 14 ቀን 1447፣ በኢትዮጵያ ደግሞ መስከረም 26 ቀን 2018 ነው። በአገራችን የዘመን ስሌት መስከረም 26 ክረምቱ አልቆ መፀው የሚገባበት ቀን መሆኑን ልብ ይሏል።

ጨረቃዋ አንዲት ናት፤ የምትነግረው ቀን ግን እንደ ቆጣሪው ይለያያል። የምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ጨረቃን ከመከር ጋር አስረው ይዘዋታል። እስልምና ደግሞ ሁለቱን ለያይቶ፣ ጨረቃን ለዒባዳ፣ መከርን ለድኾች ሐቅ መድቧቸዋል። ይህ ልዩነት የከዋክብት ተመራማሪዎች ብቻ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ደመወዙን በጅዳ እየተቀበለ፣ ማሳው በወሎ ወይም በጅማ ላለ፣ ዘካውንም በትክክል ማውጣት ለሚሻ ወገናችን ግን በየዓመቱ የሚያጋጥመው የገንዘብና የአማና ጥያቄ ነው።

የስምንተኛው ወር አሥራ አምስተኛ ሌሊት

በቻይናውያን ነባር አቆጣጠር የስምንተኛው ወር 15ኛ ቀን የመፀው እኩሌታ ነው። ቻይናውያን በዓሉን «ዦንግ ጪዩ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ይኸው «የመፀው እኩሌታ» ነው። በዓሉ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቻይና ሥራ የሚዘጋበት ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ቤተሰብ በአንድ ማዕድ ይሰበሰባል፤ የጨረቃ ቂጣ ይቆረሳል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ሙሉዋ ጨረቃም ትታያለች። የጨረቃ ክብነት በእነርሱ ዘንድ የቤተሰብ መሟላት ምልክት ነው። ስለዚህም በዚያ ሰሞን ባቡሩና አውሮፕላኑ ወደ ትውልድ ቀዬው በሚመለስ ሰው ይጨናነቃል፤ መመለስ ያልቻለውም ባለበት አገር ሆኖ፣ ቤተሰቡ የሚያያትን ጨረቃ ቀና ብሎ በማየት ናፍቆቱን ይወጣል።

የጨረቃ ቂጣ የሚባለው ክብ ሆኖ ላዩ በቅርጽ የታተመ ጣፋጭ ነው። ውስጡ ብዙውን ጊዜ በሎተስ ፍሬ ወይም በቀይ ባቄላ ልቁጥ ይሞላል፤ መካከሉ ላይም ጨረቃን እንዲመስል በጨው የቆየ የዳክዬ እንቁላል አስኳል ይገባበታል። እዚህ ላይ ሙስሊም አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ በነባሩ አሠራር ሊጡም ሆነ ልቁጡ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይታሻል። በማሌዥያ፣ በሲንጋፖርና በኢንዶኔዥያ የሐላል ማረጋገጫ ያለው በአትክልት ዘይት የተሠራ ይሸጣል። ከቻይናዊ የሥራ ባልደረባው ይህን ስጦታ የተቀበለ ሰው ማሸጊያውን አገላብጦ ቢያነብ ተገቢ ነው።

በኮሪያ ይኸው ዕለት «ቹሶክ» ይባላል፤ የበዓሉ ዕረፍት ሦስት ቀን ነው። ከበዓሉ በፊት በነበሩት ሳምንታት ልጆች ወደ አያቶቻቸው መቃብር ሄደው በክረምት የበቀለውን ሣር ያጭዳሉ። በበዓሉ ጠዋት ደግሞ ከአዲሱ ሩዝ የተሰናዳ ምግብ ለሙታን ነፍስ ይቀርባል። «ሶንግፕዮን» የሚባለውን የሩዝ ሊጥ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይደፈድፉና በጥድ ቅጠል ላይ በእንፋሎት ያበስሉታል። በደቡብ ምዕራብ ኮሪያ ሴቶች በጨረቃ ብርሃን እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዞሩት «ጋንጋንግሱልሌ» የተባለ የክብ ጭፈራ በ2009 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ጃፓናውያን «ጹኪሚ»፣ ማለትም ጨረቃን ማየት፣ ይሉታል። የሩዝ ድብልብሎች ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ አጠገባቸው የሩዝ ዛላ የሚመስል ረዥም የሜዳ ሣር ይቆማል፤ ከምድር የተቆፈረ አዲስ ጎደሬም ይቀርባል። በቬትናም በዓሉ ከሁሉ በላይ የልጆች ነው። ልጆቹ በኮከብና በዓሣ ቅርጽ የተሠሩ ፋኖሶችን ይዘው በየመንደሩ ይዞራሉ። ወላጆች ክረምቱን ሙሉ በሩዝ ማሳ ላይ ከርመው ከልጆቻቸው ጋር ጊዜ የሚያሳልፉበት ወቅት ስለሆነ በዓሉ ለልጆች እንደተሰጠ ይነገራል።

ምሥራቃውያን በጨረቃ ገጽ ላይ የምትታየውን ጥላ ጥንቸል ናት ይላሉ። ቻይናውያን ጨምረው ቻንግኧ የምትባል ሴት በዚያ ትኖራለች የሚል አፈ ታሪክ አላቸው። አፈ ታሪኩ ዛሬ ለሳይንሱ ስም ሰጥቶታል፤ የቻይና የጨረቃ አሳሽ መንኮራኩሮች ቻንግኧ ተብለዋል። ቻንግኧ 4 በጃንዋሪ 2019 ከምድር በማይታየው የጨረቃ ገጽ ላይ በማረፍ የመጀመሪያዋ ሆናለች፤ ቻንግኧ 6 ደግሞ በጁን 2024 ከዚያው ገጽ አፈር ቆንጥራ ወደ ምድር ተመልሳለች።

ጨረቃን ከወቅት ጋር የማሰር ሒሳብ

ጨረቃን ተከትሎ የሚቆጠር በዓል ሁልጊዜ በመከር ሰሞን ላይ እንዴት ሊውል ቻለ? አንድ የጨረቃ ወር ከ29 ቀን ተኩል ጥቂት ይበልጣል። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ሲሆኑ የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ነው። በየዓመቱ የ11 ቀን ያህል ልዩነት ይፈጠራል። ዝም ከተባለ የመከሩ በዓል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ዘር ጊዜ ይሸሻል።

የቻይና ሊቃውንት መፍትሔ አንድ ወር መጨመር ነው። በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ዓመቱ 13 ወር ይሆናል። በ2025 እ.ኤ.አ. ስድስተኛው ወር ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ በዓሉ በ2024 ሴፕቴምበር 17 ላይ ውሎ ሳለ በ2025 እስከ ኦክቶበር 6 የዘገየውም ስለዚህ ነው። በዚህ ዘዴ በዓሉ ወደፊትም ወደኋላም ይወዛወዛል እንጂ ከወቅቱ አይወጣም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብናየው በ2016 መስከረም 18፣ በ2017 መስከረም 7፣ በ2018 መስከረም 26 ላይ ውሏል።

ይህ የ19 ዓመት ዑደት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተንቀሳቃሽ አጽዋማትና በዓላትን የምታሰላበት ባሕረ ሐሳብም በዚሁ ዑደት ላይ የቆመ ነው። ጃፓን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1873፣ ቻይና ደግሞ ከ1912 ጀምሮ ለመንግሥት ሥራ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ቢቀበሉም የመከሩን ጨረቃ በዚያ አልለወጧትም። ቢሮው በአንዱ፣ ማዕዱ በሌላው አቆጣጠር ይመራል።

ከወቅት የተፈታችው ጨረቃ

ዐረቦችም ጨረቃን ከወቅት ጋር ያያይዙ እንደነበር የወሮቻቸው ስም ይመሰክራል። «ረቢዕ» የልምላሜ ወቅት ነው፤ «ጁማዳ» ከመርጋትና ከመድረቅ የመጣ ነው፤ «ረመዷን» ደግሞ ድንጋይ ከሚያግል ሐሩር ጋር ይያያዛል። ዛሬ ረቢዕ በክረምት፣ ረመዷንም በብርድ ሊገባ ይችላል። ስሞቹ ከቀደመው ዘመን የቀሩ ምልክቶች ናቸው።

በጃሂሊያው ዘመን ወራትን የማዘግየትና የማዛወር ልማድ ነበር፤ ስሙም «ነሲእ» ይባላል። ስለ አፈጻጸሙ ሙፈሲሮች የተለያየ ማብራሪያ ይሰጣሉ፤ ከፊሎቹ የተከበሩትን ወራት ቦታ መለዋወጥ ነበር ሲሉ፣ ሌሎች ወር መጨመርም እንደነበረበት ይገልጻሉ። ቁርኣን በሱረቱ አት-ተውባ የወራት ቁጥር አላህ ዘንድ አሥራ ሁለት መሆኑን ካጸና በኋላ ነሲእን አውግዞታል። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ በስንብት ሐጃቸው ይህንኑ ለሕዝቡ አስተምረዋል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሙስሊሞች ጨረቃ ለወቅት የማትገዛ ሆነች።

ውጤቱን ሁላችንም በሰውነታችን አውቀነዋል። ረመዷን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በሐምሌ የጅዳ ወበቅ የጾመ ሠራተኛ ከዓመታት በኋላ በታኅሣሥ አጭር ቀን ይጾማል። ከምድር ወገብ በስተደቡብ የሚኖሩትም ተራቸውን ያገኛሉ፤ ረዥሙ ጾም ለዘለዓለም በአንድ አገር ሕዝብ ላይ አይወድቅም። በ2030 እ.ኤ.አ. ደግሞ ረመዷን በአንድ የጎርጎርዮስ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በጃንዋሪና በዲሴምበር፣ ይገባል።

የሙስሊሞች ሁለት ዒዶችም ከመከር ጋር አልተያያዙም። አንዱ የጾም ፍጻሜ፣ ሌላው የሐጅ ጫፍ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ነዋሪዎቿ የሚጫወቱባቸው ሁለት ቀናት እንደነበሯቸው፣ እርሳቸውም አላህ በእነዚያ ምትክ የተሻሉትን ዒድ አል-ፊጥርንና ዒድ አል-አድሓን እንደሰጣቸው መናገራቸው በአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ሐዲስ ተዘግቧል። የሐዲሱ ማብራሪያ ጸሐፊዎች ሁለቱ ቀናት ኔይሩዝና ሚህረጃን ነበሩ ይላሉ። ሚህረጃን የፋርስ የመፀው በዓል ነው። ይህም የመከር በዓል ከዐረቢያ ምድር ፈጽሞ ያልራቀ እንደነበር ያሳያል።

ታዲያ ጨረቃ ወቅትን ካልነገረች የዐረቢያ ገበሬና እረኛ ወቅቱን በምን ያውቅ ነበር? በከዋክብት ነው። ሱሃይል የሚባለው ደማቅ ኮከብ በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ኦገስት 24 ገደማ፣ ጎሕ ሲቀድ በደቡብ አድማስ ብቅ ሲል ሐሩሩ ሊሰበር መሆኑ ይታወቃል። ዛሬም የሳዑዲ ጋዜጦች መውጫውን ይዘግባሉ። በዚያው ሰሞን ቴምር ይለቀማል፤ የቡረይዳ የቴምር ገበያ ይደምቃል፤ ቀጥሎም የጣኢፍ ሮማን ይደርሳል። መከሩ አለ፤ ምልክቱ ግን ኮከብ እንጂ ጨረቃ አይደለም።

የመካ አድማስ

የሳዑዲ ዐረቢያ ይፋዊ የዘመን መቁጠሪያ ኡሙል ቁራ፣ ማለትም የመካ ስም፣ ተሰይሞለታል። ከ1423 ዓመተ ሒጅራ ወዲህ የሚሠራበት ደንብ ግልጽ ነው። ወሩ 29ኛ ቀን ላይ ሲደርስ ሁለት ነገሮች ይታያሉ፤ ጨረቃና ፀሐይ በአንድ አቅጣጫ የሚገጥሙበት ቅጽበት ከፀሐይ መጥለቅ በፊት መሆኑ፣ እንዲሁም በመካ አድማስ ጨረቃ ከፀሐይ በኋላ መጥለቋ። ሁለቱ ከተሟሉ ማግስቱ የአዲሱ ወር አንድ ነው፤ ካልተሟሉ ወሩ 30 ይሞላል። ደንቡ አስቀድሞ በስሌት የሚሠራ በመሆኑ የትምህርት ቤትም ሆነ የመሥሪያ ቤት ቀን ከዓመታት በፊት ሊታወቅ ይችላል።

የጾሙና የሐጁ መግቢያ ግን በስሌት ብቻ አይታወጅም። ለረመዷን፣ ለሸዋልና ለዙልሒጃ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሒላልን ያየ ሁሉ በአቅራቢያው ላለ ፍርድ ቤት ምስክርነቱን እንዲሰጥ ጥሪ ያቀርባል። ከሪያድ በስተሰሜን ያሉት ሱደይርና ቱመይር በዚህ ይታወቃሉ፤ ዓይናቸው የተፈተነ ተመልካቾች ከመነጽርና ከቴሌስኮፕ ጋር አድማሱን ይጠብቃሉ። ከሐረሙ አጠገብ 601 ሜትር ከፍታ ባለው የመካ የሰዓት ማማ ጫፍ ላይም የወርቅ ቀለም ያላት ሒላል ተቀምጣለች። ከሥሯ ያሉት የ43 ሜትር ስፋት ያላቸው ሰዓቶች የሰላትን ጊዜ በፀሐይ ሲናገሩ፣ እርሷ ወሩ በጨረቃ መሆኑን ታስታውሳለች።

እዚህ ላይ የሁለቱ ባህሎች አስተያየት ይለያያል። የምሥራቅ እስያ ዓይን የሚፈልገው ሙሉ ጨረቃን ነው፤ ክቧን፣ የተትረፈረፈችውን። የሙስሊም ዓይን ይበልጥ የሚፈልገው ቀጭኗን፣ በአድማሱ ላይ ለደቂቃዎች ታይታ የምትጠልቀውን ሒላል ነው። ሙሉዋ ጨረቃም ቢሆን በእኛ ዘንድ ያለ ሥራ አልቀረችም። የየወሩ 13፣ 14 እና 15 ነጫጮቹ ቀናት፣ «አያሙል ቢድ»፣ ተብለው በፈቃደኝነት ይጾሙባቸዋል። የቻይናው የመከር በዓልም በጨረቃ ሙላት ላይ ስለሚውል ከእነዚህ ቀናት ጋር ይገጥማል። በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. በረቢዐል አወል 14 ላይ ውሏል፤ በ2007 ደግሞ የረመዷን 13ኛ ቀን ነበር። በዚያች አንዲት ጨረቃ ሥር ከፊሉ የዓለም ሕዝብ ቂጣ ሲቆርስ ሌላው ጾሙን ይፈታ ነበር።

ልዩነቱ የአቆጣጠር ብቻ እንዳልሆነም መናገር ያስፈልጋል። በምሥራቁ ነባር ሥርዓት ለጨረቃና ለሙታን መንፈስ መሥዋዕት ማቅረብ ነበረ፤ በአንዳንድ ቤትም ዛሬ አለ። ቁርኣን በሱረቱ ፉሲለት ለፀሐይም ለጨረቃም መስገድን ከልክሎ ስግደትን ለፈጠራቸው ጌታ ብቻ አድርጓል። በሱረቱል አንዓም ደግሞ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) የወጣችው ጨረቃ ስትጠልቅ አይተው፣ የሚጠልቅ ነገር ጌታ ሊሆን እንደማይችል ለሕዝባቸው እንዴት እንዳስረዱ ተርኳል። የጎረቤትን ባህል ማወቅና ከሥርዓተ አምልኮው መካፈል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሦስት አቆጣጠር የሚኖር ቤተሰብ

በጅዳና በመካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሙስሊም በሦስት አቆጣጠር ይኖራል። ዒባዳው በሒጅራ ነው። ደመወዙ በጎርጎርዮስ ነው፤ የሳዑዲ መንግሥት ራሱ የሠራተኞቹን ደመወዝ ከሒጅራ ወደ ጎርጎርዮስ ወር ያዛወረው በኦክቶበር 2016 ነበር። በአገር ቤት ያለው ማሳ ደግሞ በመስከረምና በኅዳር ይመራል። የኢትዮጵያ የፀሐይ ዓመት 12 ወር ከሠላሳ ሠላሳ ቀንና ጳጉሜ ስላሉት ወቅቱን አይስትም። የወሎ ሙስሊም ገበሬም ጤፉን በሐምሌ ዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲያጭድ ኖሯል፤ ጾሙንም በሒላል ጀምሮ በሒላል ሲፈታ ኖሯል። ሁለቱን ያለ ግጭት አስማምቶ መኖር ከአባቶች የወረስነው ዕውቀት ነው።

የዚህ ዕውቀት መፈተኛ ዘካ ነው። ብዙዎቻችን ዘካ ሲባል የምናስበው ረመዷንን ነው። የእህል ዘካ ግን ረመዷንን አይጠብቅም፤ ዓመት መሙላትንም አይጠይቅም። ቁርኣን በሱረቱል አንዓም የአዝመራው ሐቅ በሚታጨድበት ቀን እንዲሰጥ አዟል። በዝናብ የበቀለ ከሆነ ከአሥር አንድ፣ በድካምና በወጪ በመስኖ የለማ ከሆነ ከሃያ አንድ ይወጣል። አብዛኞቹ ዑለማእ የሚያስቀምጡት ዝቅተኛ መጠን አምስት ወስቅ ነው፤ በዛሬ ሚዛን ብዙዎች ወደ 650 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ፣ ያደርሱታል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን ከጥቂቱም ከብዙውም ይወጣል ብለዋል። በበልግና በመኸር ሁለት ጊዜ የሚያመርት ገበሬ ከየምርቱ በየወቅቱ ያወጣል፤ በአንዱ ዓመት አንድ ጊዜ መስጠቱ ሁለተኛውን አያስቀርለትም።

ስለዚህ ጅዳ ተቀምጦ ማሳውን በወንድሙ እጅ የሚያሳርስ ሰው፣ «ረመዷን ሲደርስ አብሬ አወጣለሁ» ካለ የእህሉን ሐቅ ከጊዜው አዘግይቷል። ኅዳር ላይ የተራበ ጎረቤት እስከ የካቲት ሊጠብቀው አይገባም። ማሳውን ለእኩል የሰጠ ከሆነም፣ በብዙ ዑለማእ አስተያየት እያንዳንዱ ከደረሰው ድርሻ የራሱን ያወጣልና፣ አራሹ ስላወጣ ባለመሬቱ ነፃ ነው ማለት አይቻልም። ዝርዝሩን ለአካባቢው ዓሊም አቅርቦ መጠየቅ ይበጃል።

የገንዘብ ዘካ ደግሞ በተቃራኒው ከጨረቃ ዓመት ጋር የተያያዘ ነው። የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ያህል የደረሰ ገንዘብ አንድ የሒጅራ ዓመት ከሞላበት ከመቶ ሁለት ተኩል ይወጣል። ሒሳቡን በጎርጎርዮስ ዓመት የሚያሰላ ሰው በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ያዘገያል። ጥቂት ይመስላል፤ በ33 የፀሐይ ዓመታት ውስጥ ግን 34 የጨረቃ ዓመታት ይሞላሉና የአንድ ሙሉ ዓመት ዘካ ሳይከፈል ይቀራል። ሥራው አስገድዶት በፀሐይ ዓመት መቁጠር ያለበት ሰው ልዩነቱን ለማካካስ ከመቶ 2.577 እንዲያወጣ የሒሳብ ሰዎች ያሰላሉ። 40,000 ሪያል ያጠራቀመ ሠራተኛ በሒጅራ ዓመት 1,000 ሪያል ያወጣል፤ በጎርጎርዮስ ከቆጠረ 1,031 ሪያል ገደማ ይሆንበታል። ሠላሳ አንዱ ሪያል ለባለገንዘቡ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ግን ድኻው ነው። ቀላሉ መንገድ አንድ የሒጅራ ቀን መርጦ፣ ለምሳሌ ረመዷን አንድን ወይም ሙሐረም አሥርን፣ በየዓመቱ በዚያው ቀን ሒሳብን መተሳሰብ ነው።

አንድ መስመር

ምሥራቃውያን በመከር ጨረቃ ሥር የሚናፍቁት ቤተሰብን ነው። በዚህ ረገድ የእኛ ሰው ከእነርሱ የሚለይበት ነገር የለም። ካርታ ዘርግቶ ላየ ሰው መካና ደሴ በአንድ የሰሜን-ደቡብ መስመር ላይ ያሉ ያህል ናቸው፤ መካ በ39.8፣ ደሴ በ39.6 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀትና አንድ ባሕር ቢኖርም፣ ጨረቃ በሰማዩ ወገብ ላይ የምትደርሰው በሁለቱም ከተሞች በአንድ ደቂቃ ልዩነት ውስጥ ነው። የሰዓት ቀጠናቸውም አንድ ነው። በሐረሙ ግቢ ከዒሻ በኋላ ቀና ያለ ልጅና በደሴ ደጃፏ ላይ የቆመች እናት የሚያዩት አንዱን ቅጽበት ነው።

ናፍቆትን በቂጣ መግለጽ የእነርሱ ባህል ነው። የእኛው ባህል ደግሞ በአውድማው ላይ ይታያል። ኅዳር ሲጠባ፣ ነዶው ተበራይቶ ምርቱ ከገለባው ሲለይ፣ ገበሬው እህሉን ወደ ጎተራ ከማግባቱ በፊት በቁና ይሰፍራል፤ ዘጠኙን ለቤቱ አስቀምጦ አሥረኛውን ለብቻው ይከምራል። የጨረቃዋ ዕድሜ በዚያ ቀን ስንት እንደሆነ አይጠየቅም። ጅዳ ያለው ባለማሳም ለወንድሙ ሲደውል አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ገበያው ዋጋ ሳይሆን፣ «አሥረኛው ወጣ ወይ?» ብሎ መሆን ይገባዋል።